በንድፉ ጥግ ያለው ስም

በእስራኤል፣ አሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ ዳሌት በሚባለው ሰፈራችን ሰው ሲሞት፣ ከሐዘኑ ቀጥሎ ቤተ ሰቡን የሚያስጨንቀው ደረጃው ነበር። ለሰባቱ ቀን ለቅሶ ሦስትና አራት መቶ ሰው ይመጣል፤ የሕንፃዎቻችን ደረጃ ግን ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ስለዚህ ድንኳን መኪና ማቆሚያው ላይ ይተከላል፣ ሽማግሌዎች በመኪና መካከል ይቀመጣሉ፣ መኪናውን ማውጣት የፈለገ ጎረቤት ጡሩንባውን ይነፋል። ሐረጊቱ ገበየሁ እናቷን የቀበረች ጊዜ ያን ጡሩንባ ሰባት ቀን ሰማች። በስምንተኛው ቀን ሥራ ገባች፤ ኮምፒውተሯን ከፍታ የለቅሶ ግቢ መንደፍ ጀመረች።

ሐረጊቱ ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ከጎንደር ስትመጣ ስድስት ዓመቷ ነበር። በውትድርናዋ ዘመን ኮምፒውተር ጠገነች፣ ከዚያ ንድፍ ተማረች፣ አሁን አሽዶድ ውስጥ ባለ የአርክቴክቶች ቢሮ ትነድፋለች። የቢሮው አሥራ አንድ ኮምፒውተሮች እንቢ ሲሉም የምትጠራው እሷ ናት። ለዚህኛው ሥራ ማንም ስም አላወጣለትም።

ግቢው ሁለት ሰፋፊ በሮች፣ የባሕሩን ነፋስ የሚሰብር ግድግዳ፣ ሰዎች ፊት ለፊት እየተያዩ የሚያለቅሱባቸው ረዣዥም የድንጋይ አግዳሚዎች አሉት። የአግዳሚውን ከፍታ ያገኘችበትን መንገድ ስሰማ አፌን ይዣለሁ። አባቷን ገበየሁን ትራስ በትራስ ላይ እየደራረበች አስቀምጣ አስነሣችው፤ የሰማንያ ዓመት ጉልበት የማንንም እጅ ሳይዝ የሚነሣበትን ልክ እስክታገኝ ድረስ።

የቢሮው ባለቤት ዖፈር ንድፉን አየ፣ ወደደ፣ ለከተማው የግንባታ ኮሚቴ አቀረበ። ግቢው ተሠራ። በምረቃው ቀን የናስ ሰሌዳ ተገለጠ፤ ላዩ ላይ የዖፈር ስም ብቻ ነበር። «ከሽማግሌዎቹ ጋር ቁጭ ብዬ ተማርሁ» ብሎ ተናገረ። ከአንዳቸውም ጋር ተቀምጦ አያውቅም።

ገበየሁ ግን ሰፈሩን ሁሉ «የነደፈችው ልጄ ናት» ብሎ ጨርሶ ነበር። የአግዳሚ ጓደኛው ወንዳለ በዕብራይስጥ የተጻፈውን ሰሌዳ አስነብቦ መጣ።

«አያ ገበየሁ» አለው ሰው በተሰበሰበበት፣ «ልጅህ የነደፈችው የቱን ነው? ጥላውን?»

ሰው ሳቀ። በዕድሜው ሁሉ ውሸታም ተብሎ የማያውቅ ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ በግቢው በኩል ማለፍ ተወ። ዞሮ በሌላ መንገድ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ይወርዳል፣ ብቻውን ተቀምጦ መርከብ ያያል።

ሐረጊቱ ዖፈርን ጠየቀችው። «ከዚህ ቢሮ የሚወጣ ሁሉ የቢሮው ነው» አላት። «ስም ምን ያደርግልሻል?»

ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። ቂሟን ቋጥራ ሁለት ዓመት ሠራችለት።

በዚህ ዓመት ዖፈር የንድፉ ፕሮግራም ከፔሳሕ፣ ከፋሲካው በዓል፣ በፊት በአዲስ እንዲተካ ፈለገ፤ ኮምፒውተሮቹን ማዘጋጀት የሐረጊቱ ድርሻ ሆነ። ሦስት ሳምንት ፈጀባት። የትኛው አዲሱን ፕሮግራም እንደሚሸከም፣ የትኛው እንደማይችል ለየች። በአዲሱ ተከፍቶ የተቀመጠ ንድፍ ወደ አሮጌው ስለማይመለስ፣ የሃያ ዓመቱን ሥራ ሁሉ አስቀድማ ገለበጠች፤ ቅጂዎቹንም እየከፈተች ፈተሸች። እንዲህ ስትፈትሽ የለቅሶ ግቢውን አገኘችው። ለካ ፋይል አይረሳም፤ መጀመሪያ የፈጠረውን ሰው ስምና ቀኑን ይዞ ይኖራል። የእሷ ስም ነበር። ቀኑም ከእናቷ ለቅሶ የተነሣችበት ቀን።

የዖፈርን ሥራ ሁሉ በአንድ ጣት ማጥፋት ትችል ነበር። «አስቤዋለሁ» አለችኝ ኋላ። «ግን ከጠፋ ማን ያየዋል? እኔ ዓይኑ እያየ እንዲነበብ ነው የፈለግሁት።»

በእያንዳንዱ ንድፍ ታችኛው ጥግ ቁጥሩን፣ መጠኑንና የነዳፊውን ስም የሚይዝ ትንሽ ሠንጠረዥ አለ። ለአዲሱ ፕሮግራም ሠንጠረዡ እንደገና መሠራት ነበረበት። ሐረጊቱ የሚለወጠውን ሁሉ በሃያ ሁለት መስመር ጻፈች። አሥራ አራተኛው መስመር፦ «የነዳፊው ስም ከፋይሉ መነሻ ተወስዶ በራሱ ይሞላል።» ወረቀቱን ዖፈር ፊት አስቀመጠችው። ስልክ ላይ ነበር።

«አንብበው እንጂ» አለችው የቢሮው ጸሐፊ ኤፍራት።

«ሐረጊቱ የጻፈችውን ደግሞ ላነብ?» ብሎ ፈረመ። እንደ ማመስገኑ ነበር።

ከበዓሉ በኋላ ግቢውን ለማስፋት ስብሰባ ተጠራ፤ እዚያው ግቢው ውስጥ ባለው አዳራሽ። እኔ ለሽማግሌዎች አስተርጓሚ ነበርሁ። ገበየሁ ልጁ «አንድ ሰዓት ብቻ፣ አባየ» ብላ ለምናው መጥቶ ከበሩ አጠገብ ተቀምጧል። በኮሚቴው ደንብ እያንዳንዱ ንድፍ ከመታየቱ በፊት ጥጉ ለቃለ ጉባኤ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ኤፍራት አነበበች።

«ንድፍ ቁጥር አንድ። መጠን አንድ ለመቶ። ነዳፊ፣ ሐረጊቱ ገበየሁ።»

ከወረቀቱ ቀና አለች። ዖፈርን አየችው። እኔ በአማርኛ ደገምሁት። ንድፎቹ ሁሉ ከእሷ የመጀመሪያ ፋይል የተቀጠሉ፣ ሰባት ነበሩ፤ ስሙም ሰባት ጊዜ በዕብራይስጥ፣ ሰባት ጊዜ በአማርኛ ተጠራ። ከሦስተኛው በኋላ ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን አስግገው ይጠብቁት ጀመር። የዖፈር ጆሮ እስኪቀላ ሐረጊቱ ዓይኗን ከፊቱ አልነቀለችም።

ገበየሁ ከበሩ ተነሥቶ ወንዳለ አጠገብ ሄዶ ተቀመጠ።

«አያ ወንዳለ፣ ጥላው ያለው ስንተኛው ንድፍ ላይ ነው?»

«ተወኝ እስቲ።»

«ሁለት ዓመት ትተኸኛል? ንገረኝ እንጂ፣ አንተ ሰሌዳ አስነባቢው።»

ስብሰባው ሲበተን ዖፈር ሐረጊቱን ኮሪደሩ ላይ ያዛት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ነገ ታስተካክዪዋለሽ» አላት።

«ይስተካከላል። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው» አለችው። «አንተ ብቻ 'ሐረጊቱ ከነደፈችው ላይ የሐረጊቱን ስም አጥፊ' ብለህ ጽፈህ ፈርምልኝ። ይኼኛውን ግን ከመፈረምህ በፊት አንብበው።»

እስካሁን አልጻፈም። የናስ ሰሌዳውም ገና ግድግዳው ላይ ነው፤ ገበየሁ በየቀኑ ከሥሩ ይቀመጣል፣ ወንዳለ ሲመጣ ስለ ጥላው ይጠይቀዋል፣ ሲመሽም የማንንም እጅ ሳይዝ ይነሣል። ሐረጊቱ እሑድ እሑድ ጠዋት፣ የሥራ ሳምንቱ ሲጀምር፣ ከሁሉ ቀድማ ቢሮ ትገባለች። ኮምፒውተሮቹን ትከፍትና ዖፈር ጠረጴዛ ላይ አንድ ባዶ ወረቀትና አንድ እስክሪብቶ ታስቀምጣለች።