ባሌስትራ ቀንሶ የቀደመኝ ማሞ

ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። አሁንም መኪና ሥር ገብቼ ብሎን የማጠብቀው ራሴ ነኝ።

ዛሬ ቱርሚ፣ ደረቁ ወንዝ ላይ በተደረገው የአሮጌ መኪና ውድድር ጎረቤቴ ማሞ ቀደመኝ።

እኔ የጂንካ ሰዎች ለጭነት እንደምናደርገው ባሌስትራ፣ መኪናዋን ከሥር የሚሸከመውን ተደራራቢ ብረት፣ ደርቤ ነበር፤ መኪናዬ እንደ ፍየል ስትዘል ዋለች። እሱ ባሌስትራ ቀንሶ፣ ንዝረት የሚውጥ አዲስ ሾክ አስገብቶ አሸዋው ላይ ተንሳፈፈ። ቅናት አንገበገበኝ።

የባሰው ደግሞ፣ ሁሌ ዲመካ ገበያ የማደርሳት አለሚቱ ከውድድሩ ለመመለስ እሱ መኪና ውስጥ ገባች። "ጋሼ፣ የእርስዎ መኪና ወገቤን ይፈጀዋል" አለችኝ። ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማር፣ ዕድሜዋን ሙሉ ስትሄድባት አንድ ቀን አላማረረችም።

ስንት እንደቀነሰ ማሞን አልጠይቅም። ለሱ አንድ ሽንፈት፣ ለአለሚቱ የማያንገጫግጭ ጉዞ አለብኝ፤ ሁለቱንም ራሴ እከፍላለሁ።

ባሌስትራ የቀነሳችሁ፣ ስንት አስቀራችሁ? ማሞ ብቻ እንዳይመልስልኝ።