በአባቴ ድምፅ አትጥሩ

ቪዲዮው ስልኬ ላይ ሲገባ ከጸሎት ቤት ተመልሼ ነጠላዬን እያጠፍኩ ነበር። የላከችልኝ የታላቅ እህቴ ልጅ ናት። «አክስቴ፣ የአያቴን ድምፅ ስሚው፣ ደስ ይልሻል» ብላ ጽፋለች። ድሬዳዋ በዚያ ሰዓት ግድግዳው ራሱ ያልበዋል፤ ማራገቢያው እየጮኸ መጀመሪያ ምንም አልሰማሁም። ማራገቢያውን አጠፋሁና ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት።

ያኔ መጣ። ቀጭን፣ የሚንቀጠቀጥ፣ መጨረሻው ላይ እንደ ሕፃን ልቅሶ የሚሰበር ድምፅ። እንዲህ ያለው ድምፅ ቅጠል በከንፈር መሃል ተይዞ ሲነፋ ነው የሚወጣው፤ የጠፋች የሚዳቋ ግልገል እናቷን ስትጣራ ይመስላል። ብዙ ሰው ይሞክረዋል። መጨረሻውን እንደዚያ አድርጎ የሚሰብረው ግን አባቴ ብቻ ነበር። አባቴ ከሞተ ቆይቷል።

አልዋሽም፣ እንባዬ መጣ። ጌታዬን አመሰገንኩ። የአባቴ ትንፋሽ ካደግኩበት ከባምባሲ ተነስቶ ድሬዳዋ ድረስ መጣልኝ ብዬ። ከዚያ ስልኩን ከጆሮዬ አነሳሁና ምስሉን አየሁ።

ሊመሽ ሲል ነው። ቀርከሃው ውስጥ ሞተር ሳይክል ቆሟል፣ መብራቱ በርቷል። አንድ ግንድ ላይ ትንሽ ስፒከር ተንጠልጥሏል፤ የአባቴ ድምፅ የሚወጣው ከእሱ ነው። አንዴ ጮኾ ሳያርፍ እንደገና ይጮኻል፤ ቆርጠው አዙረው ቀጥለውታል። ሚዳቋ ብቅ ስትል በመብራቱ ዓይኗ ይበራል፣ ትደነግጣለች፣ ባለችበት ትደርቃለች። ጥይት ይጮኻል። ቀጥሎ መሬት ላይ የተደረደሩት ይታያሉ። አንደኛዋን በጫማው ጫፍ እግሯን ከፍ አድርጎ የሚያሳይ ሰው አለ። ግቷ ሞልቷል። ወተቱ እየወረደ አፈሩን ጭቃ አድርጎታል።

«ሽማግሌው ሞቶም ያመጣልናል» ይላል አንድ ድምፅ፣ ይስቃሉ። ያንንም ድምፅ አውቀዋለሁ። ታናሽ ወንድሜ ነው።

በቁጣ መተኛት እንደማይገባ አውቃለሁ፤ ስንት ጊዜ ለሌላ ሰው መክሬበታለሁ። ያን ቀን ግን በቁጣ ተኛሁ። በማግስቱም ተናድጄ ተነሳሁ። ይህንን የምናገረውም ቁጣዬ በርዶ አይደለም።

አባቴ ከወለጋ ወደ ባምባሲ የገባው ሳያገባ ነው፤ የአገሩን ዱር አያውቀውም ነበር። ጥሪውን ያስተማረው ጎረቤታችን ነው፤ የበርታ ሰው፣ እዚያው ተወልዶ ያደገ ገበሬ፣ ሶላቱን የማያስተጓጉል ሙስሊም። ሁለቱ አብረው እያደኑ አረጁ። ሥጋ ግን በሁለት እምነት አይበላም፤ ስለዚህ ተስማምተው ነበር። አንዱ አደን በእሱ ቢላ ይታረዳል፣ ሥጋው ወደ እሱ ቤት ይሄዳል፤ ቀጣዩ በአባቴ ቢላ ይታረድና ወደ እኛ ይገባል። ተራው የሌላው ሲሆንም ሁለቱም እኩል ይደክማሉ። አንድም ቀን በዚህ ሲጣሉ አላየሁም።

እኔ ልጅ ሆኜ አንድ ጊዜ ተከትያቸዋለሁ። ክረምቱ ወጥቷል፣ ሳሩ ገና አልተቃጠለም። የእናቴ ወንድም ከወለጋ ሊጠይቀን በማግስቱ ይመጣል፤ ቤታችን ውስጥ ከጎመንና ከበቆሎ ገንፎ በቀር ምንም አልነበረም። ተራው የእኛ ቢላ ነበር። እናቴ ከጎሕ ጀምራ፣ «ዛሬ ባዶ እጅህን ብትመጣ ወንድሜን ምን ላበላው ነው፣ የአደን ወሬ?» ትለዋለች። አባቴ ይስቃል። እኔን ሳሙና እንዳልነካ አስጠነቀቀኝ፤ ሚዳቋ ሳሙና ከሩቅ ታሸታለች።

ቀርከሃው ውስጥ ስንገባ ብርሃኑ አረንጓዴ ሆነ። መሬቱ የረገፈ ቅጠል ነው፤ የሻገተ እርጥበት ይሸታል፣ ስትረግጠው ግን ለስላሳ ነው። ነፋስ ሲመጣ ቀርከሃዎቹ እርስ በርስ እየተፋተጉ እንደ አሮጌ በር ይንቋቋሉ። አባቴ አመድ በጨርቅ ቋጥሮ ይይዝ ነበር። ቋጠሮውን መታ መታ ያደርገውና አመዱ ወዴት እንደሚሄድ ያያል። ከዚያ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዘን ተቀመጥን፤ እሱ ጦሩን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ ጎረቤታችን ጠማማ የውርወራ ዱላውን ይዞ፣ እኔ ከኋላቸው።

አባቴ ቅጠል ቀጠፈ፣ በምራቁ አራሰው፣ ጠራ። አንዴ። ከዚያ ዝም። ጸሎቴን በልቤ ጨርሼ እንደገና እስክጀምር ዝም አለ። ዛሬ የሚያበግነኝ አንዱ ይህ ነው፤ በስፒከሩ ውስጥ ያ ዝምታ የለም። አባቴ ከጥሪው ይልቅ የሚሠራው በዝምታው ነበር፤ ያዳምጣል፣ ያሸታል፣ የመጣው ማን እንደሆነ ይለያል። ለጥሪው ወንዱም ይመጣል፣ ያልወለደችውም ትመጣለች፣ እናትም ትመጣለች። የመጣውን አይቶ መለየት የጠሪው ፋንታ ነው።

የዚያን ቀን የመጣችው እናት ነበረች። ቅጠሉ ሳይንኮሻኮሽ እፊታችን ቆመች። አፍንጫዋ እርጥብ ነው፣ ጆሮዋ ወዲህ ወዲያ ይላል፣ ሆዷ ሥር ግቷ ተወጥሯል። አባቴን አየችው። አልሸሸችም። ልጇን ከእኛ መሃል የምታገኝ ይመስል አንገቷን አስግጋ ትፈልጋለች። የአባቴ እጅ ጦሩ ላይ ነበር። እኔ ደግሞ እግዜር ይቅር ይበለኝና አጎቴ የሚበላው ጥብስ ታይቶኝ ምራቄን ዋጥኩ።

አባቴ ጦሩን መሬት ላይ አስቀመጠና አጨበጨበ። ሚዳቋዋ በአየር ላይ ጠፋች።

ጎረቤታችን «ደግ አደረገ» አለኝ ወደ እኔ ዞሮ። ወንድና ሴት ሳይለይ በሚናገርበት አማርኛው ነው። «ልጁን የሚፈልግ፣ እሱ ሀራም ነው። ወላሂ፣ ሥጋው ሆድ ውስጥ ያለቅሳል። አንተ ገባህ?»

ማንም ሌላ አልመጣም። ባዶ እጃችንን ተመለስን። እናቴ የሆነውን ስትሰማ ጭንቅላቷን ይዛ «ያ ዋቅ» አለች፤ ስትናደድ ፈጣሪዋን በኦሮምኛ ነበር የምትጠራው። «ጠርተሃት፣ መጥታልህ፣ ለቀቅካት? ለወንድሜ ጭብጨባህን ላቅርብለት?»

አባቴ እግሩን እየታጠበ ነበር። ቀና ሳይል መለሰላት። «ዋሽቼ ነው የጠራኋት። አምና መጣች። ከዚህ በላይ ብበድላት በየት በኩል ነው የምጸልየው?»

አጎቴ በማግስቱ ጎመን በላ። ባለፈ ባገደመ ቁጥር ጭብጨባ እያለ ሲያሾፍብን ኖረ።

እንግዲህ ወንድሜ ያደገው እዚያው ቤት ነው። ይህንን ታሪክ ከእኔ በላይ ሰምቶታል። ቪዲዮውን ባየሁ ማግስት ደወልኩለት።

«የአባባ ድምፅ ነው አይደል?» አልኩት።

«ነው እንጂ። እህቴ፣ ጉድ እኮ ነው። ከሆሞሻ ድረስ እየመጡ ድምፁን ላኩልን ይሉናል። ሽማግሌው ስመ ጥር ሆነ።»

«የምታጠባዋን ገድላችኋል።»

«ስፒከር ማን እንደሚመጣ አይመርጥም።»

«አባባ ይመርጥ ነበር።»

«አባባ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ባዶ እጁን ነበር የሚመጣው። ረሳሽው? ጎመን ነው ያሳደገን። እኔ ልጆቼን ሥጋ አበላለሁ። አንቺ እዚያ ተቀምጠሽ ለሚዳቋ ታለቅሻለሽ።»

ይህ አነጋገሩ ልክ እንዳይደለ መናገር አልችልም። ጎመኑን በልቻለሁ። ልጆቹም ይራባሉ፤ እሱ ቤት ያለው ችግር እኔ ቤት የለም። በሞተሩም በጠመንጃውም ቢያድን ማዘኔ ባይቀርም አፌን እይዝ ነበር። ዘመኑ ነው፣ የማንንም እጅ መያዝ አልችልም።

«እሺ» አልኩት። «ግን በእሱ ድምፅ አትግደሉ። ሌላ ድምፅ ፈልጉ።»

«ሞቷል እኮ፣ እህቴ። አይሰማም።»

ስልኩን ዘጋሁበት። እስከ ዛሬ አልተደዋወልንም።

ድምፁ እንዴት እንደተቀዳ የነገረችኝ የእህቴ ልጅ ናት። አባቴ በሞተበት ዓመት ነው። መሄድ አቅቶት ደጅ ማንጎው ሥር ያስቀምጡት ነበር። ወንድሜ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ፣ «አባባ፣ ለልጅ ልጆችህ ማስታወሻ እንዲቀር ጥራልን» አለው። ጎረቤታችንም እዚያ ነበር። አባቴ ጥርስ አልነበረውም፤ ቅጠሉን ደጋግሞ ከጣለ በኋላ ነው የሆነለት። ሁሉም ስልኩን አወጣ። ሲጨርስ አጨበጨቡለት፤ አባቴም ከት ብሎ ሳቀ አለችኝ። ለማስታወሻ ነው የተባለው፤ ለማስታወሻ ብሎ ነው የሰጣቸው።

ባለፈው ለጎረቤታችን አስደወልኩ። ዓይኑ ደክሟል፣ ጆሮው ግን ደህና ነው። ከሰላምታው በኋላ ቪዲዮውን ሰምቷል ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

«ቪዲዮ እኔ አላውቅም» አለኝ። «እኔ በራፉ ላይ ቁጭ ብዬ ይሰማል። ከቀርከሃው ይጠራል። እኔ፣ ጓደኛዬ መጣ፣ እላለሁ። በትር አነሳለሁ፣ ልነሳ ነው። ከዚያ ጥይት ይላል። መልሶ እቀመጣለሁ።» ትንፋሹ በስልኩ ይሰማኛል። «ልጄ፣ አንተ ሩቅ ነህ። አንተ ደህና ነህ። እኔ በየቀኑ ይሰማል።»

«አላህ ያጽናህ» አልኩት፤ እሱ በሚለው አባባል።

እናንተ በዚያ ቀን ማንጎው ሥር የነበራችሁ ይህ ቢደርሳችሁ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። አልረግማችሁም። መርገም ተከልክያለሁ፤ ባልከለከል ምን እንደምል እኔም ጌታም እናውቃለን። ድምፁን አጥፉት። ከየስልካችሁ፣ ከየላካችሁባቸው ስልክ ሁሉ፣ የላካችሁለትን እየጠራችሁ አስጠፉት። የገደላችሁትን መልሱ አላልኳችሁም። የሽማግሌውን ውሸት ብቻ መልሱለት፤ እሱ እያፈረ የሚዋሸው ነበር።

የእህቴ ልጅ አዝናልኝ፣ ጥይት የሌለበትን ንጹሑን ቅጂ ለአንቺ ላስቀምጥልሽ ብላኛለች። አባቴ ስልክ ላይ ማውራት አይወድም ነበር፤ ስደውል ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ዝም ብሎ ያዳምጠኛል፣ ከዚያ ለእህቴ ያቀብላታል። ስለዚህ ስሜን ሲጠራ የሚሰማበት ምንም የለኝም። ከእሱ የቀረው ድምፅ ይህ ብቻ ነው። ቢሆንም ለእኔ ብላችሁ አንድ እንኳ አታስቀሩ። የእኔን ትናንት አጥፍቻለሁ።