የእሁዱ መጋዝ

ጂንካ ውስጥ ተረፈን አላውቀውም የሚል ሰው ካለ፣ በር በሌለው ቤት የሚኖር መሆን አለበት። ደርግ በወደቀበት ዓመት አንድ መዶሻ፣ ሦስት መሮና አንድ የመዝሙር መጽሐፍ በጆንያ ቋጥሮ ከጨንቻ ደጋ ወረደ። ያኔ ሃያ ዓመት እንኳን አልሞላውም። ከድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ በላይ አንዲት ታዛ ተከራይቶ ዋንዛ መጥረብ ጀመረ። ውሎ አድሮ አልጋዎቹ በአይሱዙ ተጭነው ካኮና አልዱባ ገበያ ደረሱ፣ በሮቹም ካንጋተን ድረስ ሄዱ።

ሰዉ ግን ከበሩም ከአልጋውም ይልቅ የሚያውቅለት አበባውን ነው። ስድስት ቅጠል ያላት፣ መሃሏ ጎድጎድ ያለ አበባ ናት። ከየት አመጣሃት ሲባል "ከእጄ ናት" ይላል፤ ሌላ መልስ የለውም። ከሁሉ የምትበልጠውን እሱ በሚያመልክበት ቤተ ክርስቲያን ፑልፒት፣ ሰባኪው በሚቆምበት አትሮኖስ ላይ ነው የቀረጻት። ሰባኪው ሲናገር ተረፈ ከስብከቱ ይልቅ አበባዋን ሲያይ ይገኛል፤ ሚስቱ ሙሉሽ በክርኗ ጎሸም ታደርገዋለች።

በዚህ ላይ ነው መምህር እውነቱ የመጣው። ከሰሜን ተመድቦ የመጣ፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተምር፣ ቀጭን ወጣት ነው። ግቢው ውስጥ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ያከራየው ተረፈ ራሱ ነው። መብራት የቀጠለለትም ከራሱ ቆጣሪ ነው፣ በከተማው እንደተለመደው። ልጁ ጨዋ ነው፤ ሲወጣም ሲገባም ዝቅ ብሎ "ጋሽ ተረፈ፣ እንዴት ዋሉ?" ሳይል አያልፍም። ተረፈ ወደደው። መውደዱም ስምንት ወር ያህል ቆየ።

በዘጠነኛው ወር እውነቱ ከአንድ የተዘጋ ጋራዥ ያረጀ ማሽን በጋሪ አስጭኖ መጣ። በእጅ እየተዞረ ብረት የሚፍቅ፣ ሦስት መዞሪያ ያለው ከባድ ነገር ነው። እውነቱ ሦስቱንም መዞሪያዎች ፈታና በቦታቸው ጡብ ጡብ የሚያካክሉ ሞተሮች ተከለ።

"እጁን ቆርጠህ በምን ሊሠራ ነው?" አለ ተረፈ እየሳቀ።

"እጅ አያስፈልገውም፣ ጋሽ ተረፈ። ሲኤንሲ ላደርገው ነው፤ ኮምፒውተሩ ያዘዋል። እነዚህ ስቴፐር ሞተሮች ናቸው፤ እንደ ሰው እየቆጠሩ ነው የሚራመዱት። የሚያራምዷቸው ደግሞ እነዚህ ድራይቨሮች ናቸው።" መዳፍ የሚያካክሉ ጥቁር ሳጥኖች አሳየው። "አረንጓዴ ከበራ ደህና ነው። ቀይ ከበራ አኩርፏል ማለት ነው፤ ሞተሩም እርምጃውን ይስታል።"

ተረፈ እየሳቀ ወደ ሥራው ሄደ። ሳቁ ሦስት ሳምንት ሳይሞላው አለቀ። ሙሉሽ እጁን ይዛ ወደ እውነቱ ክፍል ጎትታ ወሰደችው። ማሽኑ እያዜመ ዋንዛው ላይ አበባ ያወጣል፤ የሱን አበባ፣ ባለ ስድስት ቅጠሏን፣ እውነቱ ከፑልፒቱ ላይ ፎቶ አንስቶ ያስገባትን።

"አየህ?" አለች ሙሉሽ፣ ዐይኗን ከማሽኑ ሳትነቅል። "አንተ ከማለዳ እስከ ማታ የምትታገላትን እሱ ሻይ ጠጥተን ሳንነሳ ጨረሳት። ደግሞ ጠርዟን እያት፣ እንዴት ታምራለች!"

ተረፈ ቀና። ሌላ ስም ቢፈለግለት አይገኝም። በሠላሳ ዓመት ትዳር ውስጥ ሙሉሽ እንዲያ ብላ ያየችው ሥራ ይኖር እንደሆነ አሰበ፤ ትዝ ያለው ግን "ሰጋቱራህን ጥረግ" ያለችው ብቻ ነበር። ያን ቀን ራቱን ግማሹን ትቶ ተነሳ።

ቁርጡ የመጣው ግን በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ነው። አዲስ አዳራሽ ተሠርቶ በር ቀርቶት ነበር። በሩ አሥራ ሁለት ሰሌዳ አለው፣ በእያንዳንዱ ሰሌዳ ላይ የፑልፒቷ አበባ ትቀረጻለች። ተረፈ ይህን በር ከመሠረቱ ጀምሮ ሲጠብቀው ኖሯል። ዋንዛውን ራሱ መርጦ በታዛው ሥር ሁለት ዓመት አድርቆታል። እሱ ከሞተ በኋላም ከተማው ሁሉ የሚያየው ያንን በር ነውና።

የግንባታው ኮሚቴ ሰብሳቢ አብኔር ሱቁ ድረስ መጣ። "ወንድም ተረፈ፣ ክፈፉን አንተ ትሠራለህ፤ ሰሌዳዎቹን መምህሩ በማሽኑ ያውጣልን ተባባልን። አሥራ ሁለቱም እኩል ይሆናሉ፤ ያንተም ወገብ ይረፍ።"

"አበባዋ የኔ ናት" አለ ተረፈ።

"ያንተማ ናት! ያንተ ስለሆነች አይደል ማሽኑ የቀረጻት?" አብኔር ትከሻውን መታ መታ አደረገው። "ከፋሲካ በፊት እናስመርቃለን። ማሽኑ አልችል ካለ ያው አንተ አለህ።"

ያው አንተ አለህ። ልክ እንደ መለዋወጫ ጎማ። መምህሩ የእነሱ ቤተ እምነት አባል እንኳን አይደለም፤ እሁድ ቅዳሴ የሚሄድ ጾመኛ ነው። ተረፈ ይህንንም አብኔር ከሄደ በኋላ ለመሮው ሲነግረው ዋለ።

ማክሰኞ ዕለት ተረፈ ለክፈፉ እንጨት ሊሰነጥቅ ትልቁን ክብ መጋዝ አስነሳ። ከእውነቱ ክፍል የማሽኑ ዜማ በመሃል ተሰበረና "ወይኔ!" የሚል ድምፅ ተሰማ። በማግስቱም መጋዙ ሲነሳ ዜማው ተሰበረ። ሐሙስ እውነቱ ራሱ መጣ፣ የተበላሸ ሰሌዳ ይዞ። አበባዋ ከወገቧ ተቆርጣ ግማሿ ሁለት ጣት ወደ ጎን ሸሽታለች።

"ጋሽ ተረፈ፣ ይቺ ቀይ መብራት ልትገድለኝ ነው። የግራውንና የቀኙን ድራይቨር አቀያየርኩ፤ ችግሩ ከአንዱ ጋር ቢሄድ ያ ድራይቨር ነው የታመመው እል ነበር፤ አልሄደም። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ አጠበቅኩ። ሞቆ ይሆናል ብዬ ማራገቢያ ገጠምኩለት፣ ኃይሉን ቀነስኩ። ከመብራቱ ነው እንዳልል ኃይሉን የሚያመጣጥን ስታብላይዘር አለኝ።"

ተረፈ ወዲያው ገባው። ኤሌክትሪክ አልተማረም፤ ግን መጋዙ ሲነሳ የግቢው አምፖል ሁሉ ዐይኑን ጨፈን አድርጎ እንደሚከፍት ከማንም በላይ ያውቃል። ያ ርካሽ ስታብላይዘር ቋ ብሎ እስኪነቃ ድራይቨሩ አኩርፎ ያበቃል። ቆጣሪው አንድ፣ ገመዱም አንድ ነው። "መጋዜን ሳስነሳ እነግርሃለሁ፣ አንተ አቁም" ማለት ብቻ ይበቃ ነበር።

"አቧራ ይሆናል" አለ ተረፈ።

"አቧራ?"

"የዋንዛ አቧራ ክፉ ነው። የማይገባበት የለም።"

እውነቱ አመሰገነው። ያን ምሽት ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ጥቁሮቹን ሳጥኖች በጥርስ ብሩሽ ሲያጸዳ ተረፈ በመስኮት አየው። ትንሽ አፈረ። ካፈረው ይልቅ ግን ደስ ያለው ይበልጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ መጋዙ የሚነሳው እንደ ሥራው ሳይሆን እንደ ዜማው ሆነ። ተረፈ እንጨቱን አዘጋጅቶ፣ እጁን ማብሪያው ላይ አድርጎ ያዳምጣል። ማሽኑ ዳር ዳሩን ሲፍቅ ድምፁ ዝግ ያለ ነው፤ ወደ አበባዋ መሃል ሲገባ ይቀጥናል። በቀጠነ ጊዜ መጋዙን ያስነሳል። እንጨት አለው፣ ሥራ አለው፤ ማን ምን ይለዋል? ለራሱም እንዲህ እያለ ነበር የሚነግረው። ሰሌዳዎቹ ግን ሁለት ዓመት ያደረቀው የገዛ ዋንዛው ነበሩ። አንዱ በተበላሸ ቁጥር ሄዶ የቀረውን ዋንዛ ይቆጥራል፤ ያም ሆኖ አልተወም።

እውነቱ አልተጨቃጨቀም፣ ማንንም አልረገመም። አንድ ሰማያዊ ደብተር አወጣና ቀይዋ በበራች ቁጥር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የትኛው ድራይቨር እንደሆነ ይጽፍ ጀመር። ተረፈ ደብተሩን አይቶ በሆዱ ሳቀ፤ የተማረ ሰው ሁሉን ነገር በደብተር ይጨርሳል ብሎ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ነገር ተለወጠ። እውነቱ በሥራ ቀን ማሽኑን መንካት ተወ። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ብቻ ከፍቶ ያለ እንከን ሰሌዳ ማውጣት ያዘ። በአንዱ እሁድ አምስት፣ በሚቀጥለው አራት። እሁድ ከተረፈ ሱቅ የመሮ ድምፅ እንኳን ተሰምቶ አያውቅም። የእነ ተረፈ እምነት ነው፤ ቅዳሜ ማታ ሙሉሽ ሱቁን ጠርጋ ትዘጋዋለች፣ እስከ ሰኞ ጠዋት የሚከፍተው የለም። የመንደሩ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ሦስተኛው እሁድ ሦስት ሰሌዳ ብቻ ቀርቶ ነበር። ተረፈ ከአምልኮ ሲመለስ ሙሉሽ ለቅሶ ቤት ልትደርስ ሄዳ ብቻውን ሆነ። በዘጠኝ ሰዓት ገደማ ማሽኑ ማዜም ጀመረ። ተረፈ መጽሐፍ ቅዱሱን ገለጠ። አንዲት ቁጥር ደጋግሞ አነበበ፣ አልገባችውም። በምረቃው ቀን በዚያ በር ፊት ሕዝቡ ቆሞ "መምህሩ እንዴት አድርጎ ቀረጸው!" ሲል ታየው። ሙሉሽም ከሕዝቡ መሃል ቆማ ስታይ ታየችው፤ በዚያ ዐይኗ።

ዜማው ቀጠነ። ተረፈ ተነሳ፣ ሱቁን ከፈተ፣ መጋዙን አስነሳው። እንጨት አልያዘም። መጋዝ ባዶውን ሲዞር ድምፁ ፉጨት ነው፤ ሲቆርጥ ከሚያሰማው ጋር አይገናኝም። እስከ አሥር ቆጥሮ አጠፋው። ከግቢው ማዶ ዜማው ተሰበረ። በዚህ ጊዜ "ወይኔ" የሚል እንኳን አልተሰማም።

ማምሻውን አብኔር የመጨረሻዎቹን ሰሌዳዎች ሊወስድ መጥቶ የተቆረጠችውን አበባ አየ። ራሱን ነቀነቀ። "በቃ፣ መምህር፤ ቀኑ ደርሷል። ሦስቱን ወንድም ተረፈ ይጨርሳቸው።" ተረፈ የፈለገው እጁ ገባ። አደረ እንጂ አልተኛም።

ሰኞ ገና ሱቁን ሲከፍት እውነቱ መጣ። በአንድ እጁ በተበላሸው ፈንታ ሌላ ጨምሮ ሦስት ያልተነኩ ሰሌዳዎች፣ በሌላው ሰማያዊውን ደብተር ይዟል። ሙሉሽ ከኋላው ሻይ ይዛ ቆማለች።

"እንደምን አደሩ፣ ጋሽ ተረፈ። የድራይቨሮቹን ነገር አገኘሁት" አለ። "መጋዝዎ ሲነሳ የመብራቱ ኃይል ይወድቃል። ሰዓቶቹን ስጽፍ ቆይቼ ነው የገባኝ፤ ሁሉም መጋዙ ከተነሳበት ጋር ገጠሙ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?" አለ ተረፈ።

"ምን ልበልዎት? ሥራዎ ነው፤ የሰውን እንጀራ አቁም ይባላል? ስለዚህ እርስዎ የማይሠሩበትን ቀን መረጥኩ።" ደብተሩን ገለጠ። በመጨረሻው መስመር የእሁድ ቀንና ሰዓት ተጽፏል፤ ምክንያት የሚለው ቦታ ግን ባዶ ነው። "ይቺን ብቻ መሙላት አቃተኝ። እሁድ ምን ይቆርጡ ነበር?"

ሙሉሽ ወለሉን አየች። ቅዳሜ ማታ እንደጠረገችው ነበር፤ አንዲት ቅንጣት ሰጋቱራ አልነበረችበትም። ከዚያ ባሏን አየችው። ተረፈ ያን አስተያየት በሠላሳ ዓመት አይቶት አያውቅም።

"ምንም" አለ ተረፈ።

እውነቱ እስክሪብቶውን ከኪሱ አወጣ፣ "ምንም" ብሎ በባዶው ቦታ ጻፈና ደብተሩን ዘጋ። ሰሌዳዎቹን በጠረጴዛው ላይ በዝግታ አስቀመጠ፣ እንደ ልማዱ ዝቅ ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ ወጣ። በዚያው ወር መጨረሻ ሌላ ቤት ተከራየ። ለማንም አንዲት ቃል አልተናገረም።

በሩ ከፋሲካ በፊት ተመረቀ። አሥራ ሁለት አበባ አለው፣ ዘጠኙ የማሽን ሦስቱ የእጅ፤ የትኛው የማን እንደሆነ ለይቶ የሚናገር እስካሁን አልተገኘም። ሙሉሽ በትልቁ በር ትገባለች። ተረፈ ግን እስከ ዛሬ የሚገባው በጎን በኩል፣ ወንበር በሚወጣበት ጠባብ በር ነው።