በማይክ የተጠራ ስም

ሞጣ ገበያ ውስጥ ልብስ የሚሰፉት ወይዘሮ ሳቢራ፣ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ነገር አስታጉለው አያውቁም። ነሐሴ ሲገባ ሱቅ ለሱቅ ዞረው ከነጋዴዎች ጨርቅ ይለምናሉ፤ መስከረም ላይ ደግሞ ወላጆቻቸው ዩኒፎርም ማሰፋት ላልቻሉ ልጆች ሰፍተው ለትምህርት ቤቱ ያስረክባሉ። ማን ሙስሊም፣ ማን ክርስቲያን እንደሆነ አይጠይቁም። የሚጠይቁት ልኩን ነው።

አንድ ዓመት ግን ጨርቁ አነሰ። መንገዱ በየጊዜው ስለሚዘጋ ለነጋዴዎቹም ዕቃ አልገባላቸውም። አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት አንድ ጣቃ ሰማያዊ ጨርቅ ሲልክላቸው ሳቢራ እፎይ አሉ። ቀለሙ ከትምህርት ቤቱ ዩኒፎርም ደመቅ ይላል። አይተውታል። ሲታጠብ ይደበዝዛል ብለው ሰፉት።

ልብሱ የታደለው ጠዋት ሰልፍ ላይ ነው። ርእሰ መምህሩ ልብስ የተሰፋላቸውን ሃያ ሦስት ልጆች በማይክ እየጠራ ከፊት አቆማቸው። ድርጅቱ ፎቶ ስለሚፈልግ ልብሱን ደረታቸው ላይ ይዘው ተነሡ። ሳቢራም ጥግ ቆመው ከሰው ጋር አጨበጨቡ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጓዴ የሚባል የስምንተኛ ክፍል አስተማሪ ሱቃቸው መጣ።

«እትዬ ሳቢራ፣ ንጋት ከትምህርት ቀረች» አለ። «ከክፍሉ አንደኛ የምትወጣዋ።»

«ታማ ነው?»

«አይደለም። ልብስ የተሰጣቸውን ልጆች ጓደኞቻቸው ‹ርዳታ› እያሉ ይጠሯቸዋል። በቀለሙ ይለዩአቸዋል። ሌሎቹ እንደምንም ቻሉት፤ እሷ አልቻለችም።»

ሳቢራ የስፌት መኪናቸውን ሸፍነው ወደ ንጋት ቤት ሄዱ። እናቷ አምሳለች የሰው ልብስ እያጠበች ነው ቤቱን የምታስተዳድረው። «ብቸና ሄዳለች» አለቻቸው፣ ፊታቸውን ለማየት እያፈረች። «አክስቷ ዘንድ ሆና ምግብ ቤት ዕቃ ታጥባለች። እርስዎ ለፍተው አልብሰውልኝ፣ እኔ ምን ልበልዎት?»

በሳምንቱ መንገዱ ሲከፈት ሳቢራ በአውቶቡስ ብቸና ገቡ። ንጋትን ያገኟት ከምግብ ቤቱ ጓሮ፣ የትሪ ክምር አጠገብ ነው።

«ያንን ልብስ የሰፋሁት እኔ ነኝ» አሏት። «ቀለሙ ልዩ መሆኑን እያየሁ ነው የሰፋሁት። ይቅር በይኝ።»

ንጋት እጇን ከውሃው አላወጣችም። «ልብሱስ ጥሩ ነበር። በማይክ ባይጠሩኝ እለብሰው ነበር። በፊት አንደኛ የምትወጣዋ ነበር የሚሉኝ፤ ከዚያ በኋላ ግን ያንን የሚያስታውሰው ጠፋ።»

ሞጣ አልመለስም አለች። እዚህ ብትማርስ ሲሏት ግን ቀና ብላ አየቻቸው። የምግብ ቤቱ ባለቤት ጥሩአየሁም የጠዋት ፈረቃ ከሆነ ትማር፣ ከሰዓት ትሠራለች ብላ ፈቀደች። የቀረው ከቀድሞ ትምህርት ቤቷ መሸኛ ማምጣት ብቻ ነበር።

ሳቢራ መሸኛውን በማግሥቱ አስጻፉ። መንገዱ ግን ተዘጋ፤ ሲከፈት ሁለት ወር ሊሞላ ነበር። ወረቀቱን ይዘው ብቸና ሲደርሱ ምዝገባው አልፏል ተባሉ። ንጋት ዓመቱን ሙሉ ዕቃ ስታጥብ ከረመች።

በቀጣዩ ነሐሴ ሳቢራ ለርእሰ መምህሩ ማይክም ፎቶም እንዳይኖር ነገሩት።

«ፎቶ ካልተነሣ ድርጅቱ ጨርቅ አይልክም» አላቸው።

«እንግዲያው ይቅር።»

እንዳለውም ድርጅቱ አልላከም። በለመኑት ጨርቅ፣ በትክክለኛው ቀለም፣ የአሥራ አራት ልጆች ልብስ ብቻ ወጣ። ወላጆቹ እንደማንኛውም ደንበኛ ከሱቁ በፌስታል ይዘው ሄዱ። ንጋትም በመስከረም ብቸና ላይ ስምንተኛን ከመጀመሪያው እንደጀመረች ጓዴ ሰምቶ ነገራቸው፤ ሳቢራ አላህን አመሰገኑ።

በዚያው ሳምንት ግን ዘንድሮ ያልደረሳት አንዲት እናት ልጇን ይዛ ሱቁ በር ላይ ቆመች። ልጁ ጉልበቱ ላይ የተቀደደ ሱሪ ለብሷል።

«እትዬ፣ ፎቶውን እርስዎ ነዎት ያስቀሩት ይላሉ» አለች። «የእኔ ልጅ በማይክም ቢጠራ፣ ፎቶም ቢነሣ ምንም አይለውም ነበር። እኔ የምፈልገው ለብሶ ቢማርልኝ ነው።»

ሳቢራ ሜትራቸውን አንሥተው ልጁን ቀረብ በል አሉትና፣ ጨርቅ ሳይኖራቸው ልኩን መውሰድ ጀመሩ።