ማንም ያልመታው ጉልበት

መጀመሪያ ያየሁት እብጠቱን ነው። ከልምምድ በኋላ ካልሲዬን ሳወርድ ቀኝ ጉልበቴ ከግራው ወፍሮ አገኘሁት። ብዙም አያምም፣ ሲነኩት ግን ይሞቃል። በዚያ ሳምንት ማንም አልመታኝም፤ አልወደቅሁም፣ እግሬም አልዞረም። ጉልበቱ አብጦበት ይህን የሚያነብ ሰው ካለ ይህን ነገር ልብ ይበልልኝ።

ጊዜው የደርግ ነው። ጎንደር ከተማ ውስጥ የአንድ ድርጅት ክለብ የቀኝ መስመር ተከላካይ ነበርኩ። በወረቀት የመጋዘን ሠራተኛ ነኝ፣ እንጀራዬን የምበላው ግን በእግሬ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ለክፍለ ሀገሩ ምርጥ ቡድን ተጠርቼ ስሜ ገንኖ ነበር፤ አዘዞ ላይ ከማኪና ስወርድ የማላውቃቸው ሰዎች በስሜ ይጠሩኛል። ከክለቡ የተባረረ ተጫዋች ምን እንደሚጠብቀውም አውቅ ነበር። ሥራው ይቀራል፣ ቀበሌው ለጦር ሜዳ ሲመለምል ደግሞ «ይህ የእኛ ነው» የሚልለት አይኖርም።

በዚያን ጊዜ የኛ ቡድን ሐኪም የለውም፣ ያለው ወጌሻ ነው። የኛው አያ ክንዴ የስንቱን ቁርጭምጭሚት የመለሱ ሽማግሌ ናቸው። ጉልበቴን በሁለት እጃቸው ያዙና «ውልቃት ነው። ኳስ ተጫዋች ሌላ ምን ያመዋል?» አሉ። ሁላችንም የምናምነው ይህንኑ ስለነበር ተኛሁላቸው። በቅቤ አሹኝ። ሳቡኝ። ጠፍረው አሰሩኝ። ባሰበት። እንደገና አሹኝ። የበለጠ ባሰበት።

ማታ ማታ ላብ ያጠምቀኝ ጀመር። ምግብ አስጠላኝ፤ ቁምጣዬ ወገቤ ላይ አልቆም አለ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኔ አልደበቅሁም፤ ለክለቡ ሊቀመንበር ሄጄ ነገርኩት። በሕይወቱ ኳስ ነክቶ የማያውቅ ካድሬ ነው። ከወረቀቱ ቀና ሳይል «ጓድ፣ የደባርቅ ግጥሚያ ሲደርስ ነው የሚያምህ? ይህ አሻጥር ይባላል» አለኝ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ። ያን ጊዜ ለዚህች ቃል ሰው ይታሰር ነበር። ፈራሁ፤ ከፍርሃቱ ግን ንዴቱ ይበልጣል።

ደባርቅ ላይ በጉም ውስጥ አሰለፉኝ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አጥቂያቸው አለፈኝ። ልከተለው ዞርኩ። ጉልበቴ አልዞረም። ወደቅሁ። አጠገቤ ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ በዚያ እግር መቆም አልቻልኩም።

እናቴ ወሬውን ሰምታ ከመካነ ብርሃን መጣች። አልጋዬ አጠገብ ቆማ ጉልበቴን ሳይሆን ፊቴን አየችው። «ምነው ልጄ፣ ሥጋህ የት ሄደ? ስለ እግርህ ብቻ ሲያወሩ አንተን ያየህ ሰው የለም?» አለች። በማግስቱ አሳዝላ ሆስፒታል ወሰደችኝ።

ሐኪሙ «ማን መታህ?» ሲል ጠየቀኝ።

«ማንም። ወጌሻ ግን አሽቶታል።»

«ታዲያ ምነው አሳሸኸው?»

ራጅ አስነሳኝ፤ ከጉልበቴም በመርፌ ውሃ ቀዳ። ውጤቱ ሲመጣ «ነቀርሳ ሳንባን ብቻ አይይዝም፤ ያንተ የጉልበት ቲቢ ነው። አጥንቱን መብላት ጀምሯል፣ ማሸቱ ደግሞ ጎድቶታል። እግሩን ለማዳን እንሞክራለን። ስለ ኳሱ ግን ቃል አልገባልህም» አለኝ።

እናደድ ነበር። በሊቀመንበሩ። በአያ ክንዴ። ሜዳ ዳር ሲያጨበጭብልኝ በነበረው ሰው ሁሉ። እግሬ ከጭን እስከ ቁርጭምጭሚት በጄሶ ተይዟል። ስትሬፕቶማይሲን የሚባል የቲቢ መርፌ በየቀኑ እወጋለሁ። ከመርፌው የተነሳ ጆሮዬ ይጮሃል። ከክለቡ አንድም ሰው አልመጣም። ከመጋዘኑ መባረሬን የሰማሁት ከጎኔ ከተኛው በሽተኛ ጠያቂ ነው።

ጄሶው ሲፈታ እግሬ ቀጥኖ፣ ጉልበቴ እንደ ዛገ ማጠፊያ ደርቆ ወጣ፤ ሲስተር ዘውዴ የምትባል ቁጡ ነርስ ግን በየጠዋቱ እየመጣች፣ እኔ ስሳደብ እሷም እየመለሰችልኝ፣ ጥቂት ጥቂት እያጠፈች እያዘረጋች መጀመሪያ በምርኩዝ፣ ቀጥሎ ግድግዳ ይዤ፣ በመጨረሻም እጄን ለቅቄ እንድራመድ አደረገችኝ። አይሶናያዚድ የሚባለውን ክኒን ስትሰጠኝ ሁልጊዜ የምትለው አንድ ነገር ነበር፦ «ዳንኩ ብለህ ካቋረጥከው ይመለስብሃል፤ ሲመለስ ደግሞ መድኃኒቱን ንቆ ነው።» አላቋረጥኩም።

እናንተም አታቋርጡ። ሳትመቱ ያበጠ፣ የሚሞቅ፣ ማታ ላብ ከሚያጠምቀው ገላ ጋር የመጣ ጉልበት ካላችሁ እጅ አታስነኩት፤ ራጅ ይነሳ። ወጌሻ ለውልቃት ሸጋ ነው። አያ ክንዴ ራሳቸው ከሆስፒታል ከወጣሁ በኋላ ቤቴ መጥተው ጠይቀውኝ፣ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠው ሄዱ፤ በእሳቸው ንዴቴ ያን ቀን በረደ።

በሊቀመንበሩ ግን አልበረደም። ከረጅም ጊዜ በኋላ እንደ ልቤ መሮጥ ስጀምር ሰው ልኮ አስጠራኝ። «ድርጅቱ አሳክሞ እንዳዳነህ በሠራተኛው ስብሰባ ላይ ተነስተህ ታመሰግናለህ። ወደ መጋዘኑ ትመለሳለህ፤ እሁድም ትሰለፋለህ» አለኝ። የፈለግሁት ሁሉ ያ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ የምናገረውን ሳጠና አደርኩ፤ እውነቴን ነው፣ እሱ እንዳለው አድርጌ ነበር ያጠናሁት።

አዳራሹ ሞልቷል። ማይክራፎኑን ያዝኩና ፊት ወንበር ላይ አየሁት፤ ለማጨብጨብ እጆቹን አዘጋጅቶ ይጠብቃል። ያጠናሁት ጠፋብኝ። «ያሳከመችኝ እናቴ ናት። በሽታዬን ያገኘው ሐኪሙ ነው። ያስኬደችኝ ሲስተር ዘውዴ ናት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ ግን ከዚህ አዳራሽ የጠየቀኝ አንድም ሰው አላየሁም» አልኩና ወረድኩ። የሚያጨበጭብ አልነበረም። ለምን እንዳላሰሩኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

እሁድ ሜዳ ሄድኩ፤ በእኔ ቦታ ሌላ ሰው ገብቷል። መጋዘኑም ቀረ፤ ክለብ ገብቼም ዳግመኛ አልተጫወትኩም። ያን ቀን ግጥሚያው እስኪያልቅ ቆሜ አየሁና እየተናደድኩ፣ ያለ ምርኩዝ፣ በገዛ እግሬ ዳገቱን ወጥቼ ቤቴ ገባሁ።