የጦይባ ቁጥሮች

ቅዳሜ ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ከአዲስ አበባ ስነሳ ደሜ እንደፈላ ነበር። ዓላማዬ አጭር ነው፦ መካነ ሰላም ሄጄ፣ ጦይባ የምትባል የድሮ የክፍላችንን ልጅ ፈልጌ፣ አንድ ደብተር ተቀብዬ መመለስ። በዚያ ደብተር ሄኖክን በአደባባይ ላዋርደው ቆርጬ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። መካነ ሰላም ሁለተኛ ደረጃ ስንማር በእርዳታ የመጡ አሮጌ ኮምፒውተሮች ነበሩን። አንዱ ውስጥ የጠፈር ጨዋታ ተጭኖ ነበር። ዛሬ ላየው ሰው ምንም አይደለም፤ ጥቁር ስክሪን፣ ነጫጭ ነጥቦች፣ በመስመር የተሳለች መንኮራኩር። ከኮከብ ወደ ኮከብ ትሄዳለህ፣ ፕላኔት ላይ አርፈህ ነዳጅ ትቀዳለህ፣ ትቀጥላለህ። ጨዋታው ግን ካርታ የለውም፤ የት እንደነበርክም አያስታውስልህም። እያንዳንዱ ኮከብ የሚገኘው በሁለት ቁጥሮች ነው። ቁጥሮቹን ራስህ ካልመዘገብክ ጨለማ ውስጥ ነዳጅህ አልቆ ትቀራለህ።

የምትመዘግበው ጦይባ ነበረች። እኔና ሄኖክ በመንዳቱ ስንሻማ እሷ ከጎናችን ተቀምጣ ባለ ካሬ ደብተሯ ላይ ታሰላለች፣ ከዚያ "አሁን ወደዚህ" ትለናለች። ዓመቱን ሙሉ አንድም ቀን አሳስታን አታውቅም።

አስራ አንደኛ ክፍል ላይ ደሴ ለሚደረግ የትምህርት ቤቶች ትርዒት ጨዋታውን ይዘው የሚቀርቡ ሁለት ተማሪዎች ተፈቀዱ። እኔና ሄኖክ ሄድን፣ ጦይባ ቀረች። "ሴት ልጅ ደሴ ሄዳ ልታድር? ቤተሰቧ አይፈቅድም" ያለው ሄኖክ ነው። በመሄጃችን ዋዜማ ጦይባ ካርታዋን በአራት ገጽ ገልብጣ ሰጠችን። ደሴ ላይ ግን ያን ሁሉ ሰው ሰብስበን ነዳጃችን መሀል መንገድ ላይ አለቀ። ተሳቀብን።

ባለፈው ወር ነው እነዚያን አራት ገጾች ስልኬ ላይ ያየኋቸው። ሄኖክ ዛሬ ስለ አሮጌ ጨዋታዎች ቪዲዮ እየሰራ ብዙ ተከታይ አፍርቷል። ገጾቹን ካሜራው ፊት ዘርግቶ "ይህን የኮከብ ካርታ በልጅነቴ፣ ገጠር ውስጥ፣ ብቻዬን ነው የሰራሁት" ይላል። ሰባት የሚሉት አሃዞች ሁሉ ወገባቸው ላይ መስመር አላቸው። ሰባትን እንደዚያ የምትጽፍ የማውቃት አንዲት ልጅ ብቻ ናት።

ጨዋታውን ፈልጌ አዲሱ ላፕቶፔ ላይ ጫንኩት፤ ስራዬ የኮምፒውተር ጥገና ስለሆነ ቀላል መስሎኝ። መጀመሪያ ማሽኑ ፈጣን ሆኖ መንኮራኩሯ ጣቴን ሳላነሳ ፕላኔቱ ላይ ተከሰከሰች። የድሮ ኮምፒውተር አስመስሎ የሚሰራ ፕሮግራም አምጥቼ ፍጥነቱን ቀነስኩ። መንጃዎቹ ከኪቦርዱ በስተቀኝ የሚቀመጡት የቁጥር ቁልፎች ነበሩ፣ ላፕቶፔ ደግሞ እነሱ የሉትም። ወደ ፊደላት ቀየርኳቸው። ይህን ሁሉ ጨርሼ በሄኖክ ገጾች ስነዳ ሁለት ኮከብ በሰላም አልፌ ሶስተኛው ጋ ባዶ ጨለማ ይጠብቀኛል። ደጋግሜ ሞከርኩ። አዲስ ማሽን ለአሮጌ ነገር አይሆንም ብዬ ማሽኑን ረገምኩ።

ከአዲስ አበባ ደሴ

አውቶቡሱ ውስጥ የሄኖክን ቪዲዮ ደጋግሜ አየሁት። "ብቻዬን" በሚልበት ቦታ ሁሉ ጥርሴን አፋጫለሁ። ጣርማ በር በጉም ተሸፍኖ ነበር፣ ቆላው ላይ ደግሞ ሙቀቱ አፈነን፤ ከፊቴ የተቀመጠው ሰው ብርድ ይገባል ብሎ መስኮቱን አላስከፍት አለ። ከኮምቦልቻ በፊት ፍተሻ ላይ ወረድን። አንዱ ፈታሽ ላፕቶፑን ክፈት አለኝ። ስከፍተው የጨዋታው ኮከቦች ብቅ አሉ።

"ይህ ምንድን ነው?"

"ጨዋታ ነው።"

ከላይ እስከ ታች አየኝ። "በዚህ ዕድሜህ?" አለና መለሰልኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ከደሴ በአቀስታ መካነ ሰላም

እሁድ ጠዋት የሚኒባሱ ረዳት ከታሪፉ በላይ ጠየቀ። ለምን ስለው "መንገዱን ስታየው ይገባሃል፤ ካልፈለግክ ውረድ" አለኝ። አልወረድኩም። ጭቅጭቁን ግን ጉጉፍቱ ድረስ ይዤው ሄድኩ። አጠገቤ የነበሩ ነጠላ የተከናነቡ ሴት "አብሽር የኔ ልጅ፣ አላህ ይተካል" ቢሉኝ ነው አፌን የዘጋሁት።

ጉጉፍቱ ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሜዳው ገብስ ነው፣ ከገብሱ ቀጥሎ በጎች፣ ከበጎቹ ቀጥሎ ገደል። መንገዱ ረዳቱን እውነተኛ አደረገው፤ ጉድጓድ ስንሸሽ ሌላ ጉድጓድ ውስጥ እየገባን ላፕቶፑን እንደ ሕፃን ጭኔ ላይ አቅፌ ተጓዝኩ። አቀስታ ምሳ በላን። ሽሮው ጥሩ ነበር፣ እኔ ግን በንዴት ግማሹን ትቼው ተነሳሁ። መካነ ሰላም ስንደርስ ቀኑ ተገባዶ ነበር። ከተማዋ ሰፍታለች፤ ፎቅ አብቅላለች፣ ባጃጁ ይርመሰመሳል። የትምህርት ቤታችን አጥር ግን ያው ነው። በፊት ለፊቱ ሳልፍ አንገቴን አዙሬ ነበር፤ ለምን እንዳዞርኩ ያን ጊዜ ራሴን አልጠየቅኩም።

ሰኞ፣ ማሳው ላይ

ጠዋት ሻይ ቤት ውስጥ ስጠይቅ የማያውቃት ጠፋ። "ጦይባ ቀያሿ? የመሬት ለኪዋ? ገጠር ወጥታለች" አሉኝ። በሞተር ሳይክል አንድ ሰዓት ያህል ሄጄ፣ ቀሪውን በእግሬ ወርጄ፣ የወይራ ዛፍ ያለበት ተዳፋት ላይ አገኘኋት። ሻሿን አጥብቃ አስራለች፣ በአንድ እጇ ጂፒኤስ፣ በሌላው ደብተር። ገበሬዎች ሜትር ይዘው ይከተሏታል።

"ጦይባ?"

ቀና ብላ አየችኝ፤ አልደነገጠችም። "ይማም" አለች። "ደህና ነህ ወይ? ትንሽ ጠብቅ፣ ይቺን ወሰን ልጨርስ።"

ትንሹ ሁለት ሰዓት ሆነ። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ በሷም ተናደድኩ። ሁለት ቀን ሙሉ የተጓዝኩት ላንቺው አይደለም ወይ እያልኩ።

ስትጨርስ ወይራው ስር ተቀመጥን። አያ ዓሊ የተባሉ የማሳው ባለቤት በሶ አቀረቡልን። ስልኬን አውጥቼ ጭኜ የመጣሁትን የሄኖክ ቪዲዮ ሰጠኋት። ጮኻ ትሳደባለች ብዬ ስጠብቅ እስከ መጨረሻው አይታ ሳቀች።

"ምኑ ያስቅሻል?"

"አራቱንም ገጽ አሳየ?"

"አራቱንም።"

"አንተስ ሞከርከው?"

"ሶስተኛው ኮከብ ላይ ነዳጅ ያልቃል። ማሽኑ አዲስ ስለሆነ ይመስለኛል፣ ፍጥነቱ…"

"ያኔም ከደሴ ስትመለሱ 'የደሴ ኮምፒውተር ፈጣን ነው' ብላችሁ አወራችሁ።" በሶዋን አስቀመጠች። "ማሽኑ አይደለም። ከሶስተኛው ጀምሮ የየቁጥሩን የመጨረሻ ሁለት አሃዝ ገለባብጬ ነው የሰጠኋችሁ።"

"ሆን ብለሽ?"

"ሆን ብዬ ነዋ!"

ያን ጊዜ ንዴቴ ሁሉ ገንፍሎ እሷ ላይ ወጣ። "ተዋርደናል እኮ! በዚያ ሁሉ ሰው ፊት! እኔ ምን አድርጌሽ ነው? ሄኖክ ነው ያስቀረሽ፣ እኔ ዛሬ ስላንቺ ብዬ…"

"በሩን ማን ዘጋው?" አለች።

"የትኛውን በር?"

"የኮምፒውተር ክፍሉን፣ ደሴ ልትሄዱ ስትለማመዱ። ሄኖክማ ውስጥ ነበር። የክፍል አለቃ አንተ፣ ቁልፉም ያንተ። ደጃፉ ላይ ቆመህ 'ዛሬ ክፍሉ ዝግ ነው፣ ጦይባ' አልከኝ። ማሽኑ ሲጮህ ይሰማኝ ነበር። አንተም እንደሚሰማኝ ታውቃለህ። ሳምንቱን ሙሉ መጣሁ፣ ሳምንቱን ሙሉ ዝግ ነው አልከኝ።" ድምፅዋ አልጨመረም። "አክስቴ ደሴ ናት። እሷ ጋ እንዳድር አባቴ ተነጋግሮ ጨርሶ ነበር። ቤተሰቧ አይፈቅድም ስትሉ የጠየቃችሁት ማንን ነው?"

አለመርሳቴ ነው የሚያሳፍረው። በሩን፣ የቁልፉን ቅዝቃዜ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ ስትመለስ፣ ሁሉንም አስታውሳለሁ። በሄኖክ ላይ የተቆጣሁት ያን ነገር ከላዬ ለማራገፍ ኖሯል።

አያ ዓሊ አንዴ እኔን አንዴ እሷን ሲያዩ ቆዩና "ምን ሆናችሁ ልጆቼ? የድንበር ጠብ ነው?" አሉ።

"የቆየ ነው አያ ዓሊ፣ አይጨነቁ" አለች ጦይባ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ይዘኸው መጥተሃል? ክፈተው።"

ላፕቶፑን ድንጋይ ላይ አድርጌ በነጠላዬ ከፀሐይ ጋረድኩላት። የቀየርኳቸውን ቁልፎች አሳየኋት። ጨዋታውን ስትነዳ አይቻት አላውቅም፤ ሁልጊዜ ወንበሩ የኔ ወይ የሄኖክ ነበርና። መጀመሪያ ተከሰከሰች። "ፍጥነቱን ቀንስልኝ" አለች፤ ቀነስኩ። ቀጥላ ከሄኖክ ቪዲዮ ላይ ቁጥሮቹን እያነበበች፣ በአእምሮዋ እየገለበጠች አስገባች። ሶስተኛው ኮከብ ብቅ አለ። አራተኛው፣ አምስተኛው። ነዳጅ ትቀዳለች፣ ትነሳለች።

አያ ዓሊ ተጠግተው ያያሉ። "ይቺ መሬት የማን ናት?"

"ባለቤት የላትም።"

"ታዲያ ምን ልሁን ብለሽ ትለኪያታለሽ?"

"ማንም ስላልለካት።"

የመጨረሻው መስመር ላይ ስትደርስ እጇን ከኪቦርዱ አነሳች። "ይቺኛዋን አይቻት አላውቅም" አለች። "ከሌሎቹ ርቀት ተነስቼ እዚህ ቦታ ኮከብ መኖር አለበት ብዬ አሰላሁ። ልሞክራት ስመጣ ነው ክፍሉ ዝግ ነው ያልከኝ።"

ቁጥሩን አስገባች። ስክሪኑ ጠቆረ። የነዳጁ መስመር አጠረ፣ አጠረ። ከዚያ አንዲት ነጭ ነጥብ መሀል ላይ ታየች፣ እየሰፋች መጣች፣ ክብ ሆነች።

"አለች" አለች ጦይባ። ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገችና ላፕቶፑን ዘጋችው።

ድምፄን ዝቅ አድርጌ ደብተሩን ጠየቅኳት።

"ደብተሩ አለ። አልሰጥህም።"

"ሄኖክ እኮ ስምሽን…"

"አንተ የምትፈልገው ሄኖክን መምታት ነው። በኔ ደብተር አትማቱ።" ጂፒኤሷን አንስታ ቆመች። "የኔ ስራ ማን ምን እንደያዘ መመዝገብ ነው። መጻፍ ካማረህ ያንተን ጻፍ። በሩን ማን እንደዘጋው ጻፍ።"

ስልክ ቁጥሯን ስጠይቃት ሰጠችኝ። ወደ ቀጣዩ ማሳ ወረደች። ገበሬዎቹም ሜትራቸውን ጠቅልለው ተከተሏት።

መልስ

በመጣሁበት መንገድ ተመለስኩ። ጉድጓዱ ያው፣ ብርዱም ያው ነው። የምረግመው ሰው ግን ተቀይሮብኝ ነበር። ራስን እየረገሙ ሁለት ቀን መጓዝ ከባድ ነው፤ ሄኖክን ስረግም መንገዱ ይፈጥንልኝ ነበር።

አዲስ አበባ እንደገባሁ ሄኖክን ቢሮው ሄጄ አገኘሁት። ቁጥሮቹ የተገለባበጡ መሆናቸውን ስነግረው ፊቱ ተለወጠ፣ ወዲያው ግን ሳቀ።

"ይማም፣ ጨዋታ እኮ ነው! ደግሞ በሩን የዘጋኸው አንተ አይደለህም እንዴ?"

እሱም ያስታውስ ነበር። ሶስታችንም የምናውቀውን ነገር ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ብቻ ተሸክሞታል። "አዎ እኔ ነኝ" አልኩት። "አንተ ደግሞ ሌባ ነህ።" ወጣሁ።

ያንኑ ቀን ቪዲዮው ስር በሙሉ ስሜ ጻፍኩ፦ ካርታው የጦይባ ነው፣ በሩን የዘጋሁባት እኔ ነኝ። ሳይውል ሳያድር አጠፋው። እንደገና ጻፍኩ፣ እንደገና አጠፋው። ይህን የጉዞ ማስታወሻ የጻፍኩት ለዚህ ነው።

ጉዞው ካስተማረኝ አንዱ ይህ ነው፦ የሰው ጥፋት ላይ ቶሎ የሚነድ ሰው የራሱ ጓዳ ቢፈተሽ ጥሩ ነው። ንዴቴ ግን አልበረደም፣ እንዲበርድም አልፈልግም። በሄኖክም በራሴም ላይ እኩል ይንደድ።

ጽፌ ስጨርስ ለጦይባ ደወልኩ። ይቅርታ ጠየቅኳት። "ሰምቻለሁ" አለች፣ ከጀርባዋ ሰዎች ቁጥር ይጠራራሉ። የጻፍኩትን ላንብብልሽ ወይ ብላት ፈቀደች። ከመጀመሪያው እስከዚህ ድረስ አነበብኩላት።

"አንድ ቦታ ላይ ልክ አይደለም" አለች በመጨረሻ።

"የቱ ጋ?"

"መግቢያው ላይ 'ጓደኛችን' ብለኸኛል። አውጣው።"

አወጣሁት።