የንስሐ አባቴ የተከተሉት ሰውዬ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ልብስ ከምሰፋባት ሱቅ ፊት ለፊት አንድ ሰውዬ ቆሞ መዋል ጀመረ። ቡሬ ክር ልገዛ ስሄድ እኔ ያለሁበት ሚኒባስ ላይ ይሳፈራል። ማንኩሳ ለቅሶ ብሄድ ሟቹን ሳያውቅ ከዘመድ በላይ አለቀሰ። "አትከተለኝ" ስለው ፈገግ ይላል። ጎረቤቶቼማ "ወዶሽ ነው፤ ምነው እኔን በወደደኝ!" እያሉ አንጀቴን አሳረሩት። መውደድ ከሆነ ታዲያ ከበር ከመውጣቴ በፊት ለምን በቀዳዳ አጮልቄ አያለሁ?

ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። አልሳቁም። "ልጄ፣ ፍቅርማ ሂድ ሲሉት ይሄዳል፤ ይሄ አደን ነው። ያየሽበትን ቀንና ቦታ ሁሉ ጽፈሽ ለፖሊስ ስጪ" አሉኝ።

እኔ ደብተር ገዝቼ ስጽፍ እሳቸው ጃንጥላቸውን ዘርግተው ሰውዬውን መከተል ያዙ። ጠላ ቤት ሲገባ በሩ ላይ ይቆማሉ። ባጃጅ ሲሳፈር አጠገቡ ይቀመጣሉ። ዞር ባለ ቁጥር መስቀል ያሳልሙታል።

በአራተኛው ቀን ፖሊስ ጣቢያ ቃሌን እየሰጠሁ ሳለ ሰውዬው እያለከለከ ገባ።

"አንድ ቄስ መውጫ መግቢያ አሳጡኝ! አትከተሉኝ ስላቸው ፈገግ ይላሉ!"

ፖሊሷ ከደብተሬ ቀና አለች። "ያንተ አራት ቀን ነው፤ የእሷ አምስት ወር" አለችና ወንበር አሳየችው።

ከጎኑ ያለው ወንበር ላይ ቄሱ ቀድመውት ተቀምጠዋል።